ብርጭቆውን ማን ሰበረው?

ለዚህ እትም የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ዞረው ዞረው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ የምንናገረው ቋንቋ አስተሳሰባችንን ይለውጠዋል ወይ? ከ20 ዓመት በላይ በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። በሁለት ቋንቋ መሀል ቆሜ የሠራሁት ስህተት ቢጻፍ ይህን መጽሔት ይሞላዋል። ስለዚህ ከምመልሰው ግማሹ ከራሴ ጥፋት የተማርኩት ነው። አራት ደብዳቤ መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይናገራል። ባለፈው ሳምንት ብርጭቆ ሰበረ። እህቱ በእንግሊዝኛ ስትጠይቀው «እኔ ሰበርኩት» ብሎ በእንግሊዝኛ መለሰላት። እኔ በአማርኛ ስጠይቀው ግን «ተሰበረብኝ» አለኝ። አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ልጅ፣ ሁለት መልስ! አማርኛችን ከጥፋት መሸሽን እያስተማረው ይሆን? ላርመው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ችግሬን ልንገርዎ። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። አባት ይሁኑ እናት ግን አላወቅኩም። ስምዎን አልጻፉም። «ልጄ» ብለዋል፣ «እኔ» ብለዋል፤ ሁለቱም ጾታ አይናገሩም። «አንተ» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። «አንቺ» ብዬ ጀመርኩና ይህንንም ሰረዝኩት። በመጨረሻ «እርስዎ» አወጣኝ። በእንግሊዝኛ ብጽፍልዎ ኖሮ «ዩ» ብዬ አልፌ ነበር። ይህን ነገር ይያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ብርጭቆው። ልጅዎ «ተሰበረ» ብሎ ቢያቆም ኖሮ ሸሽቷል ልንል እንችል ነበር። አላቆመም። «ብኝ» ጨመረበት። ያቺ «ብኝ» ልጁን መልሳ ነገሩ ውስጥ ከተተችው። «ነገሩ የደረሰው በእኔ ነው፣ እኔንም ነክቶኛል» ትላለች። አላሰብኩትም፣ አልፈለግኩትም፣ ግን እኔ ጋ ነው የሆነው። ይህ ሁሉ በአንድ ጭራ።

አማርኛ እነዚህን ጭራዎች ይወዳል። ያው አንዱ ዝናብ፣ ዘርቶ ለሚጠብቅ ሰው ይዘንብለታል፤ ልብስ አጥቦ ላሰጣ ይዘንብበታል። የተለወጠችው አንዲት ፊደል ናት። ዝናቡ ራሱ ግን ስለ ማንም ግድ የለውም።

ልጅዎ ላይ ያዩትን ነገር ተመራማሪዎች በቪዲዮ ሞክረውታል። ኬትሊን ፋውሲና ሌራ ቦሮዲትስኪ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ለእንግሊዝኛና ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች አጫጭር ፊልሞች አሳዩ። በፊልሞቹ ውስጥ አንድ ሰው ነገር ያበላሻል። ፊኛ ያፈነዳል፣ ለምሳሌ። አንዳንዴ ሆን ብሎ፣ አንዳንዴ ሳያስበው። ሆን ተብሎ የተደረገውን ሁለቱም ወገኖች «እገሌ አፈነዳው» ብለው ተረኩ። ሳይታሰብ የሆነውን ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ያው «እገሌ አፈነዳው» ሲሉ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ «ፈነዳ» ወደ ማለቱ አዘነበሉ። ወሬው የሚጥመው ከዚህ በኋላ ነው። ቆይተው «ማን ነበር ያደረገው?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ሆን ተብሎ የተደረገውን ሁለቱም እኩል አስታወሱ። ሳይታሰብ የሆነውን ያደረገው ማን እንደነበር ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ የተሻለ አስታወሱ። አየት አድርገው የሚያልፉት ነገር ተለያይቷል ማለት ነው። በነገራችን ላይ ስፓኒሽም የልጅዎን ዓረፍተ ነገር ቁርጥ አድርጎ አለው፤ «ሴ ሜ ሮምፒዮ» ይላሉ፣ ተሰበረብኝ።

ይህ ነገር እኔን አንድ ቀን ክፉኛ አሳፍሮኛል። ሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባት አንዲት ሴትዮ ቃል ስትሰጥ አስተረጉም ነበር። «ብረቱ ከእጄ አመለጠኝና እግሬ ላይ ወደቀብኝ» አለች። እኔ ሳላንገራግር «ብረቱን እግሬ ላይ ጣልኩት» የሚል እንግሊዝኛ አወጣሁ። ለእንግሊዝኛ ጆሮ የሚቀለው እሱ ነው። ጸሐፊው መዘገበ። ሴትዮዋ ቋንቋውን የማታውቅ መስሎኝ ነበር። ለካ መናገሩ ነው እንጂ መስማቱ አይቸግራትም። ወንበሯ ላይ ቀና አለችና «እኔ አልጣልኩትም! አመለጠኝ ነው ያልኩት!» ብላ ጮኸች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸሐፊው ብዕሩን እንደያዘ እኔን አየኝ። እኔም ጠረጴዛውን አየሁ።

ልክ ነበረች። «ጣልኩት» እና «አመለጠኝ» ካሳ በሚጠየቅበት ቦታ አንድ አይደሉም። በእንግሊዝኛ ብቻ የተሠራ ሌላ ሙከራም ይህንኑ ያሳያል። ስለ አንድ የእሳት አደጋ ሁለት ዓይነት ዘገባ ተጻፈ፤ በአንደኛው ሴትየዋ ሻማውን ጣለችው ይላል፣ በሌላኛው ሻማው ወደቀ ይላል። የቀረው ሁሉ ያው ነው። «ጣለችው» የሚለውን ያነበቡት የበለጠ ወቀሷት፣ የበለጠ ገንዘብም ትክፈል አሉ። ልብ ይበሉ፤ እዚህ ሁሉም አንባቢ የአንድ ቋንቋ ሰው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም፣ የአባባልም ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለኝ። አንዳንድ ሰው «ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ ሰለቸኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ» የሚሉትን ይደረድርና «አያችሁ፣ እኛ ሁሉ ነገር የሚደርስብን ሰዎች ነን፤ አድራጊዎች አይደለንም» ይላል። ይህን እኔ አልገዛም። ያው አማርኛ «ፈራሁ፣ ረሳሁ፣ ተናደድኩ» ያሰኘናል። ረሃቡ ያድርገን፣ ፍርሃቱን እኛ እናድርገው ብሎ የወሰነ ጉባኤ የለም። አውቶቡስ «አመለጠኝ» ስንልም አውቶቡሱ ከእኛ ሊሸሽ ሮጠ ብለን አናምንም። ከአንድ ግሥ ተነስቶ የሕዝብ ጠባይ መናገር ከሟርት አይለይም።

እና ልጁን ላርመው ወይ ላሉት፦ «ተሰበረብኝ»ን አይንኩበት። ከጎኑ ሌላ ቃል ይጨምሩለት። የሰበረው የእህቱን ብርጭቆ ከሆነ «ሰበርኩብሽ» ማለት ያስተምሩት። ይቺን ቃል እዩልኝ። አድራጊው እኔ ነኝ፣ የተጎዳሽው አንቺ ነሽ፤ ሁለቱም በአንዲት ቃል። እንግሊዝኛ ይህን ለማለት ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። አስተርጓሚ ሆኜ ስንቴ እንደተቸገርኩባት!

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ኤስኪሞዎች ለበረዶ 100 ቃል አላቸው፣ ስለዚህ እኛ የማናየውን ያያሉ ይላል። ከጓደኞቼ ጋር ተከራከርን። እውነት በቋንቋችን ቃል የሌለውን ነገር ማሰብ አንችልም?

መልስ፦ ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ አልነገሩኝም። «እንችላለን» ያለው አሸንፏል።

የበረዶው ወሬ መነሻው ፍራንዝ ቦአስ የተባለ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 በጻፈው ላይ አራት ቃላት ጠቀሰ፤ መሬት ላይ ያለ በረዶ፣ የሚወርድ በረዶ፣ ነፋስ የሚነዳው በረዶ እና ነፋስ የከመረው በረዶ። አራት! እ.ኤ.አ. በ1940 ቤንጃሚን ሊ ዎርፍ ቁጥሩን ከፍ አደረገው። ከዚያ ጋዜጣው፣ ከዚያ ሌላው እየጨመረ፣ 50 ሆነ፣ 100 ሆነ፣ እርስዎ ስልክ ላይ ደረሰ። ስሙንም እናስተካክል፤ ከእነዚያ የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝቦች ብዙዎቹ «ኤስኪሞ» መባልን አይወዱም። ኢኑይት አሉ፣ ዩፒክ አሉ፣ ቋንቋቸውም አንድ አይደለም።

ደግሞ የእነዚህን ቋንቋዎች ቃላት መቁጠር ራሱ ያስቸግራል። እኛም እኮ ያው ነን። ከ«ሰበረ» ብቻ ተነሱ፤ ተሰበረ፣ ሰባበረ፣ ተሰባበረ፣ አሰበረ፣ ስብራት፣ ሰባሪ፣ ስባሪ፣ ስብርባሪ፣ አሰባበር፣ መስበሪያ። «ስላልተሰበረባቸውም» ደግሞ አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን ሙሉ ታሪክ አለ። አንድ የውጭ አገር ሰው ይህን ቆጥሮ «አማርኛ ለመስበር 1,000 ቃል አለው፣ ሰዎቹ ምን ቢሰብሩ ነው!» ቢል ምን ይሉታል?

ከሁሉም የሚሻለው ማስረጃ ግን አፍዎ ላይ ነው። በአማርኛ ከሰማይ ወርዶ ጣራ የሚደበድበው በረዶ ነው። ከማቀዝቀዣ የሚወጣው ቁራጭ በረዶ ነው። ተራራ ላይ እንደ ጥጥ የሚተኛውም በረዶ ነው። አንድ ቃል ነው ያለን። ታዲያ ጣራው ሲንኳኳ «ማን ነው ከማቀዝቀዣው ያወጣው?» ያለ ሰው ያውቃሉ?

ዎርፍን ግን ሙልጭ አድርጌ ልሰድበው አልፈልግም። ሰውዬው መተዳደሪያው የቋንቋ ጥናት አልነበረም። የእሳት አደጋ መድን ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ነበር፤ እሳት ለምን እንደሚነሳ ይመረምራል። አንድ ነገር አስተዋለ። ቤንዚን የሞላባቸው በርሜሎች አጠገብ ሠራተኞቹ ይጠነቀቃሉ። «ባዶ» የተባሉት በርሜሎች ጋ ሲደርሱ ግን ሲጋራቸውን ያጨሳሉ። ባዶው ነው ይበልጥ አደገኛው፤ ፈንጂ የሆነ ትነት ታምቆበታል። «ባዶ» የሚለው ቃል «ምንም የለበትም» ብሎ ዓይናቸውን ሸፈነው አለ ዎርፍ። ይህቺ ምሳሌ እስከ ዛሬ ትከተለኛለች። ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ባየሁ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

ችግሩ ከዚያ አልፎ መሄዱ ነው። በአሜሪካ የሚኖረው የሆፒ ሕዝብ ቋንቋ ስለ ጊዜ የሚናገርበት ቃልም ሰዋስውም የለውም እስከማለት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1983 ኤክሃርት ማሎትኪ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ከሆፒዎች የሰበሰበውን አንድ ወፍራም መጽሐፍ አድርጎ አወጣ። ከዳር እስከ ዳር የጊዜ አነጋገር ነው፤ ቀን፣ ወር፣ ወቅት፣ ትናንት፣ ነገ። ዎርፍ ይህን አላየም፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ገና በ44 ዓመቱ ሞቷል።

«ቃል የሌለው ሐሳብ የለውም» የሚለው ትልቁ አባባል በዚህ ተሰነጠቀ። የተረፈው ትንሹ ነው፤ እኔም የማምነው ትንሹን ነው። የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1959 ነገሩን ጥሩ አድርጎ አስቀምጦታል። ቋንቋዎች የሚለያዩት ሊናገሩት በሚችሉት አይደለም፣ ሳይናገሩ ሊያልፉት በማይችሉት ነው አለ። ከላይ ይያዙልኝ ያልኩት «እርስዎ» እዚህ ይመጣል። አማርኛ ሰውን ሳነጋግር ሁለት ነገር አስቀድሜ እንድወስን ያስገድደኛል፤ ወንድ ነው ሴት? አከብራለሁ ወይስ እቀርባለሁ? ሳልወስን «ና» ማለት እንኳ አልችልም። ና፣ ነይ፣ ይምጡ። በቀን ሺህ ጊዜ ይህን ስናደርግ ልብ ማለቱ ልማድ ይሆናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪም የሰውን ዕድሜና ጾታ ያያል፤ ግን ቋንቋው በየግሡ ላይ ቆሞ «ንገረኝ» አይለውም።

ልማዱ በሰከንድ ክፋይ የሚለካበት ጊዜም አለ። ሩሲያኛ የእኛን ሰማያዊ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ጠቆር ያለው «ሲኒይ»፣ ፈካ ያለው «ጎሉቦይ»። ለእነሱ አንደኛው የሌላኛው ዓይነት አይደለም፣ ሁለት ቀለም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ተቀራራቢ ሰማያዊዎችን እንዲለዩ ተደረገ። ሁለቱ ቀለሞች በ«ሲኒይ» እና በ«ጎሉቦይ» ድንበር ግራና ቀኝ ሲሆኑ ሩሲያኛ ተናጋሪዎች ፈጠኑ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ላይ ይህ አልታየም። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ተንኮል ጨመሩ። በልባችሁ ቁጥር እየደጋገማችሁ ለዩ አሏቸው። ፍጥነቱ ጠፋ። አፍ፣ ማለትም የልብ አፍ፣ በሌላ ነገር ሲያዝ ቋንቋው ዓይንን መርዳት አቆመ። የዓይን ለውጥ ቢሆን ኖሮ ቁጥር መድገም ምን ያደርገው ነበር?

ቃል ሲጠፋ በእርግጥ የሚጎድልበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ ቁጥር። በአማዞን የሚኖሩት የፒራሃ ሰዎች ቋንቋ ትክክለኛ ቁጥር የሚናገር ቃል የለውም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሥራ እንዳሳየው፣ ፊታቸው የተደረደሩ ነገሮችን አንድ ለአንድ እያጣመሩ እኩል መደርደር አይቸግራቸውም። ነገሮቹ ከተሸፈኑና ከትዝታ መሥራት ከመጣ ግን ብዛቱ ከፍ ሲል ይስታሉ። «ሰባት» የምትለው ቃል ብዛትን ቋጥረን የምንይዝባት ናት። ለጓደኞችዎ ይህንን ይንገሩ፤ የተሸነፈውም ትንሽ ይጽናና።

ጥያቄ፦ ልጆች አስጠናለሁ። አንዱ ተማሪዬ «በፊት ማለት ያለፈ ነው፣ ወደፊት ማለት የሚመጣ ነው፣ ሁለቱም ውስጥ ፊት አለ። ታዲያ ያለፈው ጊዜ ከፊታችን ነው ከኋላችን?» አለኝ። «ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን» ብዬ አመለጥኩ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ይህን ልጅ ያቆዩልኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እነዚህን ቃላት ሳገላብጥ አላስተዋልኩትም።

ልጁ ካለው ሌላም አለ። «ኋላ እደውላለሁ» ስንል ኋላ የሚመጣው ጊዜ ነው። «የኋላ ኋላ» ስንልም ያው። «ኋላ ቀር» ስንል ግን ያለፈው ዘመን ላይ የቀረ ማለታችን ነው። ፊትም ሁለት ፊት ነው፣ ኋላም ሁለት ኋላ።

መፍቻው እንዲህ ነው። አማርኛ ጊዜን በሁለት ሥዕል ይስላል። አንዱ ሥዕል ሰልፍ ነው። ሰልፍ ላይ ቀድሞ የመጣ ከፊት ይቆማል፣ ዘግይቶ የመጣ ከኋላ። ማክሰኞ ከረቡዕ ቀድማ መጥታለች፣ ስለዚህ ከረቡዕ ፊት ናት፤ «ከረቡዕ በፊት»። እዚህ ሥዕል ውስጥ እኔ የለሁም፣ ቀኖቹ ብቻ ናቸው የተሰለፉት። ሌላው ሥዕል መንገድ ነው። መንገዱ ላይ የምሄደው እኔ ነኝ፤ ያላየሁት ወደፊት ነው፣ ያለፍኩት ወደኋላ ቀርቷል። በአንደኛው ፊት የቀኑ ፊት ነው፣ በሁለተኛው የእኔ። ለተማሪዎ ሦስት ልጆች አሰልፈው፣ ቀጥሎ አንዱን ብቻውን ኮሪደር ላይ ቢያስሄዱት ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ያ ይገባዋል።

እንግሊዝኛም ከዚህ ጣጣ አልዳነም። ምስክሩ እኔ። አንድ ድርጅት ውስጥ ለረቡዕ የተያዘ ስብሰባ ነበር። አስተባባሪው በስልክ ስብሰባው በሁለት ቀን «ፎርዋርድ» ሆኗል አለኝ። ፎርዋርድ ወደፊት ነዋ! እኔም ለእንግዶቹ «በሁለት ቀን ወደፊት ተገፍቷል» አልኩ። ዓርብ ጠዋት አምስት እንግዶች ይዤ ከተፍ። ስብሰባው ሰኞ አልቋል። አስተባባሪው ፎርዋርድ ያለው ወደ እሱ መቅረቡን ነበር፣ እኔ የሰማሁት ከእኔ መራቁን። አንደኛው እንግዳ ምንም አላለኝም። ሰዓቱን ብቻ አየ።

ከዓመታት በኋላ ነው ይህችው ዓረፍተ ነገር ሙከራ ላይ እንደዋለች ያወቅኩት። ሌራ ቦሮዲትስኪና ማይክል ራምስካር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ሥራ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሰዎችን «የረቡዕ ስብሰባ በሁለት ቀን ፎርዋርድ ቢሆን መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰው ለመቀበል ከቆሙት ይልቅ ከአውሮፕላን የወረዱት «ዓርብ» ማለት አበዙ። ገና ሲጓዝ የነበረ ሰው በጊዜም ውስጥ የሚሄደው ራሱ ይመስለዋል። እኔ ያን ቀን ከየት መጥቼ እንደነበር አሁን አላስታውስም።

እውነት ያለፈውን ከፊታቸው የሚያስቀምጡም አሉ። በደቡብ አሜሪካ ተራሮች የሚነገረው አይማራ «ናይራ» የምትል ቃል አለችው። ዓይን ማለት ናት፣ ፊትም ማለት ናት፣ ያለፈ ጊዜም ማለት ናት። ራፋኤል ኑኔዝና ኢቭ ስዊትሰር እ.ኤ.አ. በ2006 እንደጻፉት፣ ሽማግሌዎቹ ስለ ድሮ ሲያወሩ እጃቸውን ወደ ፊት ይዘረጋሉ፤ ስለሚመጣው ሲያወሩ በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ይጠቁማሉ። ያየነው ከፊታችን ነው፣ ያላየነው ከጀርባችን። እጃቸው ነው ያሳመነኝ። ቃል ብቻውን ቢሆን እንደ እኛ «በፊት» የሰልፍ ቃል ነው ብዬ አልፈው ነበር።

አንድ ልጨምርና ልተውዎ። በአውስትራሊያ ፖርምፑራው በምትባል መንደር የሚነገረው ኩክ ታዮሬ ግራና ቀኝ ለማለት አይቸኩልም። ሁሉ ነገር ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ሰሜን፣ ደቡብ ነው። ቦሮዲትስኪና አሊስ ጋቢ እነዚህን ሰዎች የሰው እርጅና ደረጃ የሚያሳዩ ሥዕሎችን በቅደም ተከተል ደርድሩ አሏቸው። ወደ ደቡብ ዞረው ሲቀመጡ ከግራ ወደ ቀኝ ደረደሩ። ወደ ሰሜን ሲዞሩ ከቀኝ ወደ ግራ። ወደ ምሥራቅ ሲዞሩ ወደ ራሳቸው። ሁልጊዜም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ማለት ነው፣ ጊዜያቸው ከፀሐይ ጋር ይሄዳል። እንዲህ ለመደርደር የት አቅጣጫ እንደዞሩ ሁሌም ማወቅ አለባቸው፤ ያውቃሉም። እኔ ይህን ስጽፍ ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ ተነስቼ በመስኮት ማየት ነበረብኝ። ፀሐይዋም ደመና ውስጥ ነበረች።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ 26 ዓመቴ ነው። በሥራ ቦታ የምናገረው ካደግኩ በኋላ የተማርኩትን ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ «አይሆንም» ማለት ይቀለኛል። በአማርኛ ግን ይተናነቀኛል። ጓደኛዬ «በዚያ ቋንቋ ቀዝቃዛ ነሽ» ትለኛለች። ሁለት ሰው ሆንኩ እንዴ? በነገራችን ላይ፣ ይህን አምድ የምትጽፈው/ፊው ወንድ ነህ ሴት ነሽ?

መልስ፦ ዕድሜሽንና ጾታሽን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ «አንቺ» ስል እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ሁለት ሰው አልሆንሽም። በሁለተኛ ቋንቋ ቀዝቀዝ ማለት የብዙዎች ነው። ቦአዝ ኬይሳርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የታወቀ ጥያቄ ይዘው ሞከሩት። 600 ሰው ታሟል። ሁለት መድኃኒት ቀርቧል፤ የአንዱ ውጤት እርግጠኛ ነው፣ ሌላው ቁማር ነው፤ ወይ ሁሉንም ያድናል ወይ ማንንም አያድንም። እርግጠኛው መድኃኒት «200 ሰው ያድናል» ሲባል ብዙ ሰው ይመርጠዋል። ያው መድኃኒት «400 ሰው ይሞታል» ሲባል ብዙ ሰው ይሸሸውና ቁማሩን ይመርጣል። ሒሳቡ አንድ ነው፣ የሚያስደነግጠው «ይሞታል» የሚለው ነው። ጥያቄው በውጭ ቋንቋ ሲቀርብ ግን ይህ መወዛወዝ ጠፋ። «ይሞታል» በሌላ ቋንቋ ያን ያህል አይወጋም።

ለምን? የእኔን ግምት ልንገርሽ። አፍሽን በፈታሽበት ቋንቋ ተቆጥተውሻል፣ አባብለውሻል፣ አልቅሰሻል። ቃሎቹ ያንን ሁሉ ይዘው ነው የሚመጡት። ሌላውን የተማርሽው ከደብተር ነው። እኔ በሁለተኛ ቋንቋዬ የሰማሁትን ስድብ ሁሉ ያለምንም ሕመም አስተርጉሜ አውቃለሁ። በአማርኛ የተሰደበውን ወደዚያ ስመልስ ግን ጆሮዬ ይግላል። ለእኔ እንኳ ያልተሰደበው!

«አይሆንም» በአማርኛ የሚተናነቅሽ ምናልባት ሌላም ምክንያት አለው። በዚያ ቋንቋ ለአለቃሽም ለጓደኛሽም አንድ «ኖ» ትያለሽ። በአማርኛ «አልፈልግም» ብለሽ እንኳ አታበቂም፤ «አይ፣ አይችሉም» ነው ወይስ «አትችልም»? «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ልጨምር? ይህን ሁሉ ስትመርጪ «እሺ» አምልጦሽ ይወጣል። ያቺ ጓደኛሽ ቀዝቃዛ ስትልሽ ምናልባት ያየችው ምርጫ ሲቀንስልሽ ነው። እኔ ብሆን አስቸጋሪውን «አይሆንም» አንድ ቀን በአማርኛ፣ መስታወት ፊት እለማመደዋለሁ። ሠርቶልኛል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ።

ጾታዬን በተመለከተ፦ ከላይ ጀምረሽ እንደገና አንብቢው። «ሰረዝኩ» ብያለሁ፣ «ጀመርኩ» ብያለሁ፣ «ይዤ ከተፍ» ብያለሁ። አማርኛ ሌላውን ሰው ስትጠሪ ነው የሚያፋጥጥሽ፤ «እኔ» ያለውን ምንም አይጠይቀውም። ስለዚህ ይህን ሁሉ ገጽ ሳልናገር አለፍኩ። አንቺ ግን እኔን ለመጥራት አንድ ጥያቄ ላይ እንኳ «የምትጽፈው/ፊው» ብለሽ ሰረዝ ማስገባት ነበረብሽ። ሰረዙ ካስቸገረሽ «እርስዎ» በይኝ። ብቻ እንደዚያ ካልሽኝ ዕድሜዬን ገምተሻል ማለት ነው፣ እሱንም ልቀበል።